አሥራ ሁለት ጠርሙስ ጠላ

ባለፈው ጥቅምት ለዘመድ ተዝካር ሞላሌ ሄጄ ነበር። ያረፍሁባት ቤት ባለቤት «የተጣራ ጠላ አለኝ፣ ቅመሺልኝ» ብላ ከጓዳ አንድ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ቡሹን ስትነቅለው ትስ አለና ሽታው ወጣ። መጀመሪያ ጠርሙሱ የታጠነበት የወይራ ጢስ፣ ቀጥሎ ጌሾው፣ መጨረሻ ላይ የተቆላው ገብስ። ብርጭቆዬን እንደያዝሁ ሳልጠጣ ቆየሁ።

«ምነው፣ ዝንብ ገባበት?» አለችኝ።

«የለም፤ ሂሳብ እየሠራሁ ነው» አልኋት።

ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልሠራው የቀረ አንድ ቀላል የመቀነስ ሂሳብ ነበረብኝ፤ ያን ዕለት ነው ቁጭ ብዬ የሠራሁት።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ወላጆቼ ጓሳ ግድም ይኖሩ ነበር። እዚያ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ሞላሌ፣ የአባቴ እህት ቤት ተቀምጬ እማር ነበር። እቴቴ አስካለ ነበር የምላቸው። አጭር፣ ፈርጣማ፣ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ የሚንቀጠቀጥ፣ ድምፅ የማያወጡ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የገበያ ለት ደጃፋቸው ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍተው ጠላ ይሸጣሉ። ጣሳው ከታየ ጠላ አለ ማለት ነው። ጠላቸው ስም ነበረው፤ ከቀየት ድረስ ለሰርግ ሊያስጠምቋቸው የሚመጡ ነበሩ። ሰው ሲያመሰግናቸው «እጄ ነው እንጂ እኔ ምን አውቄ!» ይላሉ። ስለ እጃቸው ሲያወሩ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ብርቄ። እኔ ስድስት ዓመት ገደማ ሳለሁ፣ እናቷ ለአንድ የቄስ ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጥተው ሳለ፣ ከመርሐቤቴ ቆላ ጥጥ ይዞ ለገበያ ከሚወጣ ወጣት ጋር ሄደች። በኋላ ባልየው ሽማግሌ ላከ። እቴቴ ከተቀመጡበት ንቅንቅ ሳይሉ «ኪዳነ ምሕረትን! እግሬ ቆላ አይረግጥም!» ብለው ማሉ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት እናትና ልጅ አልተያዩም።

እኔ ብርቄን እወዳት ነበር። ጣፋጭ ነገር ነፍሷ ነው፤ ጠላ እንኳ ማር ካልጨመረችበት አትጠጣም። ጠጥታ ስትጨርስ ከስሩ ማሩ የተኛበትን ጉንጭ የምትተውልኝ ለእኔ ነበር። ስትሄድ አለቀስሁ። ያለቀስሁት ባል አገባች ብዬ ሳይሆን ሰማይ አጣች ብዬ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው አፋፍ ላይ ሆኜ ጠዋት ጠዋት ሳይ ከበታቻችን ያለው ጉም ብቻ ነበር፤ ስለዚህ የቆላ ሰዎች ከጉም በታች የሚኖሩ፣ ሰማይ የሌላቸው ይመስሉኝ ነበር። ቆላ ይሞቃል ሲባል ደግሞ ግራ ይገባኛል። ፀሐይዋ በእኛ በኩል ታልፋለች፣ ሙቀቷን እነሱ ይወስዳሉ!

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ደምሴ የሚባል፣ በቅሎ እየነዳ በሞላሌና በመርሐቤቴ መካከል የሚመላለስ ሰው ወደ ቤታችን ጎራ አለ። ቀዝቃዛ ጠላ ቀረበለት። ከጠጣ በኋላ ነው የተናገረው።

«እትዬ አስካለ፣ ብርቄ ወንድ ልጅ ወልዳለች።»

እቴቴ ገብስ እየለቀሙ ነበር። መልቀማቸውን አላቆሙም። ሰፌዱ ላይ ያለውን ጨርሰው «በሰላም ተገላገለች?» አሉ።

«በሰላም።»

«ገንፎውን ማን ገነፋላት?»

«የባሏ እናት ናቸዋ።»

«ቆለኛዋ? እሷ ቅቤ ማንጠር ታውቃለች?» አሉና ሰፌዱን አነሡ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ አራሷን የሚያበላት የእናት እጅ ነው። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም፤ ገብሱ አቧራ ኖሮበት ዓይናቸው ውስጥ የገባ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጌሾ ፀሐይ ላይ አሰጡ። ለማን እንደሆነ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በሦስተኛው ቀን ግን አላስቻለኝም። «በበቅሎ ቢሄዱስ? እግርዎ መሬት አይነካ!» አልኋቸው። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «ይህችን ዳኛ ነው ማድረግ» አሉ። ቀጥለውም «እኔ አልሄድም። እጄ ይሂድ» አሉኝ። ሕፃኑ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ ለዚያ የሚሆን ጠላ ሊልኩ ነው።

በምን ይላክ የሚለው ብዙ አነጋገረ። ገንቦ ገደል ላይ ይሰበራል፤ ቅል ደግሞ ለአማቶች አይሆንም፣ «ደገኛዋ እናቷ በቅል ላከችላት» ይባላል። በመጨረሻ ጠርሙስ ተባለ። ደምሴ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ጠላ በጠርሙስ ግን ማን አለ?» ብሎ ሲያሾፍ እቴቴ «እኔ አልሁ!» አሉት።

ጠርሙስ መሰብሰቡ የእኔ ሥራ ሆነ። መንገድ ዳር ካለው፣ የመንግሥት ሠራተኞች ቢራ ከሚጠጡበት ቤት ዘጠኝ አገኘሁ። ሦስቱ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ወፍራም አረንጓዴ ጠርሙስ ነበር፤ እነሱ ከቤት ተገኙ። እቴቴ አሥራ ሁለት ሲሞላ «በቃ፤ በሐዋርያት ቁጥር ነው» አሉ።

«ይሁዳ የትኛው ነው?» አልሁ።

«በይሁዳ ቦታ ማትያስ ተተክቷል። እጠቢ!»

አሸዋና ውሃ እየጨመርሁ ሳናውጥ ዋልሁ። ውሃው ጣት ይቆርጣል። ከታጠቡ በኋላ እቴቴ የወይራ ስንጥር እያጨሱ እያንዳንዱን ጠርሙስ በአፉ ደፍተው አጠኑት። ጢሱ ጠርሙሱ ውስጥ ገብቶ ሲዞር፣ ሲወፍር፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ሲጠፋ አፌን ከፍቼ አይ ነበር። የሐዋርያቱን ስም ሰጥቻቸው ነበር፤ ወፍራሙ አረንጓዴ ጴጥሮስ፣ አንገቱ የተጫረው ቶማስ። የቀሩትን ስለማላውቃቸው ለአንዱ የመምህሬን ስም ሰጠሁት።

ጠላው በጋኑ ውስጥ ሲብላላ ጆሮዬን አስጠግቼ እሰማው ነበር። ይናገራል። አንዳንድ ቀን ይነጫነጫል፣ አንዳንድ ቀን ያጉረመርማል። ያን ሰሞን ግን ውርጭ ጠንክሮ፣ ጠዋት ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሶ ይቆየን ነበር። አንድ ቀን ጆሮዬን ባስጠጋ ዝም አለ። ለእቴቴ ነገርኋቸው። እሳቸውም አዳመጡ።

«ተኝቷል። ደርሷል ማለት ነው» አሉ።

እቴቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጠላ ጠምቀዋል፤ ጠላ ዘግተው ግን አያውቁም። የሚሸጡት የገበያ ለት ወጥቶ የገበያ ለት የሚያልቅ ነው። ያን ጠላ በነጭ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አጥልለው በጠርሙሱ ሞሉት። ጨርቅ በተጠቀለለበት የእንጨት ውታፍ ደፈኑት። በላዩ ሰም አፈሰሱበት። ይህም አልበቃቸው። «ገደሉ ያናውጠዋል» ብለው እርጥብ ጠፍር አመጡና ውታፉን ከጠርሙሱ አንገት ጋር ግጥም አድርገው ጠፈሩት። ጠፍር እርጥቡን ታስሮ ሲደርቅ እንደሚጠብቅ ያገር ሰው ሁሉ ያውቃል። እንዲያ ሲያስሩ ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር።

ከመዝጋታቸው በፊት ቀምሰውት ነበር። ፊታቸውን ቋጠር አድርገው «መራራ ነው» አሉ። «ጌሾው በዛ። እሷ ደግሞ መራራ አትወድም።» ማር በቤት አልነበረም። ትንሽ አሰቡና «ምን ታረጊዋለሽ» ብለው ጠርሙሶቹን አፋቸው እንደተከፈተ መደብ ላይ ደርድረው፣ ሰም ሊያመጡ ወደ ጎረቤት ወጡ።

እዚህ ላይ ስለ ስኳሬ መናገር አለብኝ። መምህራችን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር። ሂሳብ በትክክል ለሠራ ልጅ አራት ማዕዘን የሆነ ስኳር አንድ ፍሬ ይሰጥ ነበር። ያን ሰሞን የምንማረው መቀነስ ነበር። ስምንት ፍሬ አጠራቅሜያለሁ፤ በደብተር ወረቀት ጠቅልዬ በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጬ በቀን አንዴ ብቻ፣ ያውም አንዱን ብቻ፣ እልስ ነበር። በሕይወቴ ከዚያ የከበረ ንብረት ኖሮኝ አያውቅም።

እቴቴ ሲወጡ የመጣብኝ አሳብ ቀላል ነበር። ብርቄ ጠላውን ትቀምሰዋለች። መራራ ከሆነባት እናቷ ዛሬም እንደተቆጡ ታስባለች። ቆርቆሮዬን አመጣሁ። ስኳሩ በጠርሙሱ አንገት እንዲያልፍ በጥርሴ እየከፈልሁ፣ በየጠርሙሱ አንዳንድ ፍሬ ጨመርሁ። ጴጥሮስ ደረሰው፣ ቶማስም ደረሰው፤ ስምንተኛው ላይ አለቀብኝ። ለአራቱ አዘንሁላቸው። የእነሱን እንግዶቹ ይጠጡታል ብዬ ራሴን አጽናናሁና ጣቴን ልሼ ተቀመጥሁ።

ደምሴ ጭድ በሞላው ጆንያ አድርጎ በበቅሎዋ ግራና ቀኝ ጫናቸው። «ምን ብለው ላኩ ልበላት?» ሲል እቴቴ «ምንም አትበላት። ትቅመሰው። እጄን ታውቀዋለች» አሉት። በቅሎዋ አፋፉ ላይ እስክትሰወር ደጃፍ ቆመው ነበር። እንደዚያ ዕለት ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ማታ ብርቄ በልጅነቷ የሠራቻቸውን ጥፋቶች አንድ በአንድ እየነገሩኝ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አመሸ።

ደምሴ በሳምንቱ ሰኞ ተመለሰ። ገና ከበር ሳይገባ «እትዬ፣ ተኩስ ተከፈተብኝ!» አለ።

«ኧረ በስመ አብ! ማን?»

«ጠላዎት! ወንዙ ዳር ወርደን፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ በቅሎዋን ላሳርፍ ስል ጧ! አለ። ሽፍታ ነው ብዬ ከቋጥኝ ኋላ ተጋደምሁ። ደግሞ ጧ! ‹ወንድሞቼ፣ ጠላ ብቻ ነው የጫንሁት!› ብዬ ጮኽሁ። ጧ! ጠላውንማ ነው የፈለጉት አልሁ። አባቴ ‹የሚተኩስብህን ሰው ጥይቱን ቁጠርበት› ይለኝ ነበርና ቆጠርሁ። አሥራ ሁለት ሲሞላ ዝም አለ። ቀና ብዬ ባይ ሰው የለ፣ በቅሎዋ ሸሽታለች፣ ጆንያው ይንጠባጠባል።»

እኔ ሳቅሁ። እቴቴ አልሳቁም።

«አንዱም አልተረፈ?»

«አሥራ ሁለቱም፣ እትዬ።»

«እሷስ?»

«ደርሼ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብያታለሁ። ‹እናቴ ምን አለች?› አለችኝ። ምን ልበል? የላኩልሽ ፈነዳ ልበላት? ዝም አልሁ።» አንገቱን አቀረቀረ። ከዚያ ሊያጽናናቸው ብሎ «ማር ወይ ስኳር የገባበት ነገር ተዘግቶ ሲሞቀው ይፈነዳል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ።

«እኔ ጠላዬ ውስጥ ስኳር አልጨምርም!» ብለው ተቆጡት። እኔ መሳቄን አቆምሁ። 

ደምሴ ጆንያውን ትቶ ሄደ። እቴቴ እጃቸውን ከተቱና ከእርጥቡ ጭድ ውስጥ የተሰበሩትን የጠርሙስ አንገቶች አንድ በአንድ አውጥተው መደቡ ላይ ደረደሩ። ውታፉ እንዳለ ነው፤ ጠፍሩም እንደታሰረ ነው። ቤቱ በሙሉ ጠላ ጠላ ሸተተ።

«ኪዳነ ምሕረት ናት» አሉ። «እግሬን ከልክዬ እጄን ብልክ፣ እጅሽንም አልፈልግ አለችኝ። በቃ። ከእንግዲህ አልልክም።»

ከዚያን ቀን በኋላ እቴቴ ሌላ ሰው ሆኑ። ጋኑን አጥበው ደፉት። የገበያ ለት ሐሙስ ደረሰና ጣሳው ከደጃፉ አልተሰቀለም። ሰው እየመጣ «እትዬ አስካለ፣ ደህና አይደሉም?» ሲል በሩን ገርበብ አድርገው «ደህና ነኝ» ብቻ ይሉ ነበር። ደምሴ ዓርብ ጠዋት ዳግመኛ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ክርስትናው እሑድ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ብናገር እንደምገረፍም አውቃለሁ። ከዚያም የባሰ ደግሞ አለ፤ ወደ ጓሳ ይመልሱኛል፣ ትምህርቴም ይቀራል። ሦስት ቀን ዝም አልሁ። ደምሴ ያመጣው የብርቄ «እናቴ ምን አለች?» የሚለው ቃል ግን ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለኝ ነበር። መምህሬ ሐሙስ ዕለት ወደ ሰሌዳ ጠርቶኝ ሂሳቡን ተሳሳትሁ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እቴቴ መደቡ ላይ፣ ከጠርሙስ አንገቶቹ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ደብተሬን ሳላስቀምጥ «እቴቴ፣ ኪዳነ ምሕረት አይደለችም» አልኋቸው። «እኔ ነኝ። ስኳር ጨምሬበት ነበር።»

ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

«ስኳሬን። መራራ ነው ስላሉ። መራራ ከደረሳት አሁንም የተቆጧት ይመስላታል ብዬ።»

  እቴቴ በቀስታ «ስንቱን?» አሉ።

«ስምንቱን። ከዚያ አለቀብኝ።»

«ስምንቱን» አሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። መደቡ ላይ ካሉት አንገቶች አራቱን ለብቻ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረጓቸው። ቦታ እያስለቀቁልኝ መስሎኝ ጠጋ ብዬ ተቀመጥሁ። በአውራ ጣታቸው የአንዱን ጠፍር ዳሰሱ፤ ደርቆ እንደ አጥንት ሆኗል። «አጥብቄው ነበር» አሉ ለራሳቸው። «በጣም አጥብቄው ነበር።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «እንግዲያ አንቺ ነሻ ያፈነዳሽው!»

«እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም» አልሁ እያለቀስሁ።

«እንኳንም አንቺ ሆንሽ!» አሉና ሳቁ። በድምፅ ነበር የሳቁት፤ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፣ ወፍራም የወንድ ሳቅ ነበር። ሳቁ ሳያልቅ ነጠላቸውን አነሡና ወደ ነፍስ አባታቸው ሄዱ። ስለ መሐላው ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሲመለሱ ግን ቀሚሳቸው ጉልበቱ ላይ አፈር ነበር፣ ግንባራቸውም ላይ እንዲሁ። ብዙ ሰግደዋል ማለት ነው።

ዓርብ ጠዋት እኔን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ከደምሴ ጋር ተነሡ። ጠላ አልያዙም፤ ጠርሙስም አልያዙም። አንድ ስልቻ ጌሾ፣ አንድ ስልቻ ብቅልና ቅቤ ነው። ደምሴ «ለክርስትናው እኮ አይደርስም» ሲላቸው «ለክርስትናው እኔ እደርሳለሁ። ጠላው የሚጠጣበት አገር ይጠመቃል» አሉት። እስከ አፋፉ በበቅሎ ሄዱ፤ እኔም እየሮጥሁ ሸኘኋቸው። ቁልቁለቱ ሲጀምር በቅሎ ላይ አይቀመጥም። «እግርዎ!» አልኋቸው። «አሁንስ ይርገጥ» አሉና ወረዱ። ነጭ ነጠላቸው ጉሙ ውስጥ ገብቶ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ።

ከጥምቀት በኋላ ተመለሱ። ከረጅም የሸንኮራ አገዳ እስር ጋር። «ብርቄ ለስኳርሽ ምትክ ነው ብላለች» አሉኝ። እኔ የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ሰማይ አላቸው?»

«አላቸው። ያው የእኛው ነው።»

በፋሲካ ብርቄ ልጇን አዝላ መጣች፤ ጣሳውም ቦታው ላይ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲያ በቤተሰባችን ሰርግም ሆነ ክርስትና ባለ ቁጥር «አሥራ ሁለት ጠርሙስ ያፈነዳችው መጣች» ተብዬ ይሳቅብኛል። ከሁሉ አብልጠው የሚያወሩት እቴቴ ነበሩ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በልጅነቴ ነው፣ ፍጻሜውም አምሮ ነበር።

እንግዲህ ሞላሌ ላይ ብርጭቆ ይዤ የሠራሁት ሂሳብ ይህ ነው። ከአሥራ ሁለት ላይ ስምንት ሲቀነስ። አራቱ ጠርሙሶች ስኳር አልነካቸውም፤ እነሱም ፈንድተዋል፤ በውርጭ የተኛው ጠላ ቆላ ሲሞቀው ነቅቶባቸው ይሆናል። እቴቴ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ነበሩ፤ ያን ሐሙስ አራቱን አንገቶች ለብቻ ሲገፉ ግን ቆጥረው ጨርሰዋል። በመቀነስ ሂሳብ ስኳር እሸለም የነበርሁት እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አላየሁትም። ለአራቱ ምክንያት ቢፈልጉ ኪዳነ ምሕረትን ያገኙ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከቤታቸው አይንቀሳቀሱም ነበር። ስለዚህ አልፈለጉም። አሥራ ሁለቱንም እኔን አሸክመው ወደ ልጃቸው ወረዱ። ምነው በሕይወት ሳሉ ገብቶኝ፣ እጃቸውን ስሜ «ሸክሙ አልከበደኝም» ባልኋቸው ኖሮ።

«አሁንስ ሂሳቡ ደረሰልሽ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ደረሰ። አራት ይቀራል» አልኋትና ጠጣሁ። ዓይኔን ስታይ ጠላው የመረረኝ መስሏት ማር ልታመጣልኝ ተነሣች።